ሐምሌ አያታልላችሁ፦ ለባሕር ዳር ጓሮ ቋሚ ተክል አመራረጥ

ሐምሌ ላይ ባሕር ዳር ውስጥ ያልለመለመ ነገር ፈልጉ ብትባሉ የምታገኙት አስፋልቱን ብቻ ነው። ለአጥር ብላችሁ የቸከላችሁት እርጥብ እንጨት ሳይቀር ያቆጠቁጣል። ችግኝ ሻጮችም መንገድ ዳር በብዛት የሚደረድሩት በዚሁ ሰሞን ነው። ቅጠሉ ያብረቀርቃል፣ አበባው ደርቷል፣ እኛም አንዱን ስናነሳ ሌላው እያማረን ባጃጅ ሙሉ ችግኝ ጭነን እንገባለን። ከዚያ ጥቅምት ይመጣል፣ ዝናቡ ይቆማል፣ ኅዳር ታኅሣሥ ስንል መጋቢት ከች ይላል። መጋቢት ላይ ከባጃጁ ጭነት ግማሹ የለም።

እኔ በዚህ መንገድ ስንት ብር እንዳፈሰስኩ ባለቤቴ ባትሰማው ይሻላል። አሁን ግን ችግኝ ሳነሳ አንድ ነገር ብቻ ነው ራሴን የምጠይቀው፦ ይሄ ነገር መጋቢት ላይ እኔ ግቢ ውስጥ ምን መስሎ ይቆማል? መልሱን ካላወቅኩ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ነገሩ ምስጢር የለውም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውርጭ አይነካንም፣ እንደ ቆላም አያቃጥለንም። ዝናቡም በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፣ ትንሽ የሚባል አይደለም። ችግሩ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ተጠራቅሞ መውረዱ ነው። ስለዚህ አንድ ተክል እዚህ ዓመት ከዓመት ለመኖር ሁለት ፈተና አለበት፤ ሐምሌና ነሐሴ እግሩ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ደግሞ ጉሮሮው ይደርቃል። አንዱን ብቻ የሚችል ሞልቷል። ሁለቱንም የሚችለውን መለየት ላይ ነው ሥራው።

ቋሚ ሲባል

አደይ አበባን ሁላችንም እናውቃታለን። ክረምቱን በቅላ፣ መስከረምን አብባ፣ ዘሯን ጥላ ትደርቃለች። በሚቀጥለው ዓመት የምታዩት ያችን አደይ ሳይሆን ልጇን ነው። ይህ ዓመታዊ ተክል ነው፣ እንደ በቆሎ፣ እንደ ሽምብራ። ቋሚ የምንለው ከሁለት ዓመት በላይ የሚኖረውን ነው፤ አንዴ ተክላችሁት በያመቱ ሳትዘሩት እዚያው የሚጠብቃችሁ።

ሰው ግን ቋሚ ሲሉት ዛፍ ብቻ ይመስለዋል። እንጨት የሌለውም አለ። ሙዝን ውሰዱ። ሙዝ ዛፍ አይደለም፣ ግንድ የሚመስለው ነገር እርስ በርሱ የተጠቀለለ የቅጠል እግር ነው። ቁረጡትና ከላይ እዩት፣ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አንዱ ግንድ አንዴ አፍርቶ ያልቅለታል፣ ነገር ግን ሥሩ አጠገብ ልጆች ይጥላልና ተክሉ ራሱ አይሞትም። የምትቆርጡት ያፈራውን ነው፤ ከልጆቹ ሁለት ሦስት ጠንካሮቹን ትታችሁ ሌላውን ነቅላችሁ ለጎረቤት ትሰጣላችሁ። ጠጅ ሳርም እንደዚሁ ነው፤ በሁለት በሦስት ዓመት ጉቶው ሲጨናነቅ በዶማ ለሁለት ለሦስት ከፍላችሁ ትተክሉታላችሁ እንጂ አዲስ አትገዙም።

ሌሎቹ ደግሞ ይደበቃሉ። እርድና ዝንጅብል በበጋ ቅጠላቸው ደርቆ ይጠፋል፣ ሥራቸው ግን መሬት ውስጥ ተኝቶ ዝናብ ይጠብቃል። አንድ ዓመት እርዱ ሞተ ብዬ ቦታውን ቆፍሬ ቲማቲም ልተክልበት ስል በዶማ ከሁለት ከፈልኩት። ውስጡ ብርቱካናማ ሆኖ ሲታየኝ ነው የነቃሁት። ከዚያ ወዲህ የሚደበቅ ነገር የተከልኩበት ቦታ ላይ ድንጋይ አስቀምጣለሁ።

ቋሚ ማለት ዘላለማዊ ማለት እንዳልሆነም ልብ በሉ። ፓፓያ ሦስት አራት ዓመት በደንብ ካፈራ በኋላ ይረዝምና ይደክማል። ጤና አዳም ከጥቂት ዓመት በኋላ እግሩ እየደረቀ እንጨት ብቻ ይሆናል፣ ሳይሞት ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ አዲስ ማባዛት ነው። ማንጎ ደግሞ የተከለውን ሰው ቀብሮ የልጅ ልጁን ያበላል። የትኛው ስንት ዓመት እንደሚቆይ ካላወቃችሁ ቦታውን በትክክል አትሰጡትም።

መጀመሪያ መሬታችሁን

ተክል ከመምረጣችሁ በፊት የቆማችሁበትን እወቁ። ባሕር ዳር አንድ ዓይነት መሬት የላትም። አንዱ ሰፈር ቀይ አፈር ነው፣ ውሃ ያሰርጋል፣ ሥር ይዘልቅበታል። ሌላው ዋልካ ነው፤ ክረምት እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ በጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ሦስተኛው ቆፈር ቆፈር ሲያደርጉት ጥቁር ድንጋይ ይመጣል። ወደ ሐይቁ ጠጋ ያሉ ግቢዎች ላይ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው፣ ጉድጓድ ያለው ሰው ክረምት ላይ ገመዱ እንዴት እንደሚያጥር ያውቃል። ያ ውሃ ለበጋ በረከት ነው። ለአንዳንድ ሥር ግን መቃብር ነው።

የምታደርጉት ቀላል ነው። ሰኔ ሳይገባ አንድ ክንድ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሙሉበት፣ ይስረግ። እንደገና ሙሉት። ሁለተኛው ውሃ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከጠፋ መሬታችሁ ለአብዛኛው ነገር ይሆናል። በማግስቱ ጠዋት ስትነሱ ውሃው እዚያው ተኝቶ ፊታችሁን ካሳያችሁ፣ ያ ቦታ ለአቮካዶም ለሎሚም አይሆንም፤ ወይ አፈር ሞልታችሁ ከፍ ታደርጉታላችሁ፣ ወይ እርጥብ የሚወድ ታስገቡበታላችሁ። ካና (ሰፊ ቅጠል ያለው አበባ)፣ ጎደሬ፣ ዘንባባ እንዲህ ያለውን ቦታ አይፈሩም፣ ዘይቱንም ከብዙዎቹ ፍሬዎች ይሻላል።

ሌላው ደግሞ ጥላው ነው። ጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው የግቢው ምሥራቅ ለብዙ ነገር ምቹ ነው። የከሰዓቷ የመጋቢት ፀሐይ በብሎኬት ግድግዳ ላይ ስታርፍ ግን ምድጃ ናት፣ ግድግዳው ማታም ይተነፍሳል። እዚያ ጋ ቡና ተክላችሁ ቅጠሉ ሲቃጠል አትገረሙ። ቡገንቪሊያ ግን ደስ ይላታል።

አቮካዶዬን እንዴት እንደገደልኩት

ይህን የምነግራችሁ እንዳትደግሙት ነው። የተዳቀለ አቮካዶ (የጥሩ ዛፍ ቅርንጫፍ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ የተቀጠለበት) ገዛሁ፣ ዋጋው የሚያስቆጭ ነበር። ግቢዬ ዝቅ ያለው ጥግ ላይ፣ «ውሃ አያጣም» ብዬ ተከልኩት። ሰኔን አማረ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ቅጠሉ ጠወለገ። ምን አደረግኩ መሰላችሁ? የጠወለገ ተክል ውሃ የጠማው ነው ብዬ፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ ላይ፣ በባልዲ ጨመርኩለት! ጎረቤታችን እማሆይ በአጥሩ ቀዳዳ እያዩኝ ነበር።

«ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው የሰመጠን ሰው ውሃ የምታጠጣው?» አሉኝ።

ነሐሴ ላይ ስነቅለው ሥሩ ጠቁሮ በጣት ሲነካ ልጣጩ ይወልቃል፣ ሽታውም የረጋ ኩሬ ነው። ሥር አየር ይፈልጋል። ውሃ ሲተኛበት ይታፈናል፣ ከዚያ አፈር ውስጥ ያለው አበስባሽ በሽታ ይጨርሰዋል፣ ሥሩ የሞተ ተክል ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ልክ እንደጠማው ይጠወልጋል። ክረምት ላይ የሚጠወልግ ቅጠል ካያችሁ ባልዲውን አስቀምጡና ውሃው የሚፈስበት ቦይ ቅደዱለት።

ሁለተኛውን አቮካዶ ግቢው ከፍ ባለበት፣ በዚያም ላይ አፈር ቆልዬ እንደ ትንሽ ጉብታ ካደረግኩ በኋላ ተከልኩት። ዛሬም አለ።

ከዘጌ መማር

እማሆይ የዘጌ ሰው ናቸው። ዘጌን አይቶ የማያውቅ የባሕር ዳር ሰው ካለ ጀልባ ይዞ ይሂድ፣ ገዳማቱን ሲሳለም መንገዱ ዳርና ዳር ያለውን ጓሮም ይመልከት። እዚያ በገዳማቱ ሥርዓት መሬት በበሬ ማረስ የተከለከለ ነው፤ ሰዉ ለዘመናት የኖረው በቡና፣ በጌሾ፣ በሎሚና በመሳሰለው ነው። ማረሻ ካልገባበት መሬት ኑሮ የሚያወጣ ሕዝብ ስለ ቋሚ ተክል ከእኔም ከችግኝ ሻጩም በላይ ያውቃል።

እዚያ የምታዩት ነገር ደርብ ነው። ከላይ እንደ ብርብራና ዋንዛ ያሉ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው ቡና፣ ክፍተት ባለበት ጌሾና ሎሚ፣ መሬቱ ላይ የረገፈ ቅጠል። ማንም አይጠርገውም ያንን ቅጠል። እኛ ከተማ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ግቢያችንን መላጣ እስኪመስል ጠርገን ቅጠሉን እናቃጥልና ማታ ደግሞ «አፈሩ ደረቀብኝ» እንላለን። ብርብራ ከባቄላ ወገን ስለሆነ አፈሩንም ያዳብራል። ፍሬው ድሮ ተወቅጦ ዓሣ ማደንዘዣ ይሆን ነበር፣ ስለዚህ ልጆች አፋቸው ውስጥ እንዳያደርጉት።

ይህንን ደርብ 200 ካሬ ግቢ ውስጥ በትንሹ መቅዳት ይቻላል። አንድ ጥላ የሚሰጥ ነገር፣ ከሥሩ ሦስት አራት እግር ቡና በሁለት ሁለት ሜትር ርቀት፣ ፀሐይ በሚገባበት ጠርዝ ጌሾ፣ ከታች ቅመማ ቅመም። ቡናው በሦስት በአራት ዓመት ፍሬ ያሳያል። በጋውን ተጨንቆ ቆይቶ የመጀመሪያው ካፊያ ሲነካው በአንዴ ነጭ ሆኖ ያብባል፣ ሽታው ለጎረቤት ይደርሳል፣ ሁለት ሦስት ቀን ነው ግን።

ጌሾን ልመክር። ችግኙ ውድ አይደለም፣ ለጠላ ጠማቂ ቤት ቅጠሉ ሁሌም ይፈለጋል፣ መገረዝ ይወዳል፣ ስትቆርጡት ይበዛል። አንድ ሁለት ዓመት ታግሳችሁ ከዚያ ቅጠሉን መልቀም ነው። ብቻ አንዴ ሙልጭ አድርጋችሁ አታራግፉት። ከቅርንጫፉ ሲሶውን ተዉለት።

ምን ልትከል?

ይህን ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል፣ መልሱ ግን ምን ትፈልጋለህ ነው። ለወጥ ቤት ከሆነ ቀላል ነው። ጤና አዳም ለቡናው (ቆርጣችሁ ፀሐይ ላይ አትቆዩ፣ ጭማቂው ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ያቃጥላል)፣ ኮሰረት ለቅቤ ማንጠሪያው፣ ጠጅ ሳር ለሻይ፣ ደማከሴ ደግሞ አንድ ሰው ምች መታኝ ባለ ቁጥር አጥራችሁን እያንኳኳ የሚጠይቃችሁ ነው። የጥብስ ቅጠል ከሁሉም ጠንካራ ነው፣ የሚገድለው የእናንተ ደግነት ብቻ ነው፤ ውሃ አታብዙበት፣ ዋልካ ላይ ከሆናችሁ ጠጠርና አሸዋ ቀላቅላችሁ ከፍ ባለ መደብ ላይ አድርጉት። ናና ግን ሌባ ነው። ከመሬት በታች እየሮጠ የሌላውን ቦታ ይወርሳል። እኔ ታችዋ የተቀደደ አሮጌ ባልዲ ውስጥ ተክዬ ባልዲዋን ነው የቀበርኳት።

ጦስኝን ተዉት። ሞክሬዋለሁ። ከደብረ ታቦር በላይ ካለው ደጋ ዘመድ ከነአፈሩ አምጥቶልኝ እንደ ሕፃን ነው የያዝኩት። እኛ ዘንድ ሙቀቱም የክረምቱ እርጥበትም አልተስማማውም፣ ነሐሴን አልጨረሰም። የብርድ አገር ተክል ነው። ፖምም እንደዚያው። ፖም እንቡጥ እንዲያወጣ ረዘም ያለ ብርድ ይፈልጋል፣ እኛ ያ ብርድ የለንም። «ለባሕር ዳር የሚሆን ፖም ነው» ብሎ ሊሸጥላችሁ የሚምል ሰው አይጠፋም፤ እኔን አንዱ ምሎ ሸጦልኛል። ቅጠል ነው ያገኘሁት።

ለአጥር ስሚዛን የሚያክል የለም። ሌላ አገር ሰንሰል ይሉታል። ቁራጩን ክረምት ላይ ትሰካላችሁ፣ ይይዛል፣ ከብት አይበላውም፣ ነጭ አበባው ንብ ይጠራል። ገንዘብ አያስወጣም፣ የጎረቤት አጥር ይበቃል። ቁልቋልም አጥር ይሆናል፣ ነገር ግን ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉ ነው፣ ልጆች ያሉበት ቤት አልመክርም። የወፍ ቆሎን ደግሞ አበባው ያምራል ብላችሁ እንዳታስገቡ፤ ወፍ ፍሬውን በልቶ በየቦታው ይዘራዋል፣ ካደገ ምንም አያሳድርም አጠገቡ።

ለዓይን የምትተክሉ ከሆነ የመጋቢቱ ጥያቄ በደንብ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ቡገንቪሊያ መጋቢት ላይ ነው የምትደምቀው። ውሃ ስትቀንሱባት ታብባለች፣ ስታበዙባት ቅጠል ብቻ ታወጣለች። ያ ቀይ ወይም ሐምራዊ ነገር አበባዋ እንኳ አይደለም፣ ቀለም የተቀባ ቅጠል ነው፤ አበባዋ መሐል ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ናት፣ ቀርባችሁ እዩ። እሬት ለረሳችሁት ጥግ ይሆናል። ራስ ክምር ደግሞ የራሳችን ነው፣ ብርቱካናማ አበባው በግንዱ ላይ ክብ ክብ እየሆነ ይደረደራል፣ አበባ የሚመጥጡ ወፎች ሲመጡበት ቁርስ ቀርቦ አያለሁ። ሰው ግን የመንገድ ዳር አረም ነው ብሎ ይንቀዋል፣ ገንዘብ ያላወጣበት ነገር ተክል አይመስለውም መቼም።

ጽጌረዳ የሚወዱ አሉ፣ እኔም እወዳለሁ። ግን ሥራ አለው። በክረምት ቅጠሉ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፣ ስለዚህ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ቢያንስ በሜትር ርቀት ትከሉት፣ ውሃውን ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አታፍስሱ፣ ዝናቡ ሲያባራ ጥቅምት ላይ የደረቀውንና የተጠላለፈውን ከርክሙ። ኦሊያንደር በየግቢው አለ፣ ድርቅም ይችላል፣ ነገር ግን ከቅጠል እስከ ግንድ መርዝ ነው። በግ የምታስሩበት ግቢ ወይም የሚድህ ልጅ ያለበት ቤት ካላችሁ ይቅርባችሁ።

ፍሬ ላይ አንድ ምክር ብቻ፦ መጠኑን አስቡ። ማንጎ ሙሉ ሲሆን ከሌላው ስምንት አሥር ሜትር ርቀት ይፈልጋል። 200 ካሬ ግቢ ውስጥ ማንጎ መትከል ማለት ማንጎው ቤቱን አከራይቶ እናንተን ያኖራችኋል ማለት ነው። ሎሚ አራት አምስት ሜትር ይበቃዋል፣ ዘይቱንም በመገረዝ ይታዘዛል። አቮካዶ ከፍሬው ዘር ከተከላችሁት ብዙ ዓመት ትጠብቃላችሁ፣ ምን ዓይነት ፍሬ እንደሚሰጥም አይታወቅም፤ የተዳቀለው በሦስት በአራት ዓመት ይጀምራል። አበባውም ሁለት ዓይነት ባሕርይ አለው፣ አንዱ ጠዋት እንስት ሆኖ ይከፈታል፣ ሌላው ከሰዓት። ሐስ የሚባለው ዝርያ ከአንደኛው ወገን ነው፣ ኤቲንገር የሚባለው ከሌላው። ሁለቱ ቢቀራረቡ ፍሬ ይበዛል፣ ስለዚህ ጎረቤታችሁ ምን እንደተከለ ጠይቃችሁ ሌላውን ግዙ። ፓፓያ ደግሞ ወንድና ሴት ስላለው አንድ ብቻ ተክላችሁ ወንድ ከወጣባችሁ ባዶ እጃችሁን ነው፤ ሦስት አራት አንድ ላይ ትከሉና አበባ ሲያወጡ ትርፉን ወንድ ንቀሉ።

ባሕር ዛፍ? ግቢ ውስጥ አይደለም። ዋርካም አይደለም፣ ዋርካ ለአደባባይ ነው። ጫት ላይ አልገባም።

እና እባካችሁ፣ ለኩሬ ማስዋቢያ ብላችሁ እምቦጭ እንዳታነሱ። ሐምራዊ አበባው ያምራል፣ እሱም ቋሚ ተክል ነው፣ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ጣና ላይ መታየቱ በፈረንጆቹ 2011 ከታወቀ ጀምሮ ሐይቁ ላይ ምን እንዳደረገ ለባሕር ዳር ሰው አልነግርም። ከጎኑ በሚያወጣው ቅጥያም በዘርም ይራባል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። አንድ ሰው በባልዲ ወስዶ ጎርፍ ቢያመልጠው በቂ ነው።

ሻጩ ጋ ስትቆሙ

ረጅሙን አትምረጡ። ችግኝ ቀጥኖ ከረዘመ ጥላ ውስጥ ተጨናንቆ ያደገ ነው፣ ንፋስ ያጎብጠዋል። አጭር፣ ግንዱ ወፈር ያለ፣ ቅጠሉ የተቀራረበውን አንሱ። አበባ የያዘው ዓይን ይስባል፣ እኔ ግን ከሁለት እኩያ ችግኞች ያላበበውን እመርጣለሁ፣ ጉልበቱ ገና ሥሩ ላይ ነውና። የቅጠሉን ሆድ ገልብጣችሁ እዩ፤ የሚያጣብቅ፣ ነጭ ነጠብጣብ ወይም ቅርፊት የመሰለ ነገር ካለ ወደ ቤት አታስገቡ፣ ማንጎ ላይ በተለይ።

ከዚያ ፕላስቲኩን ከሥር እዩ። ወፍራም ሥር በቀዳዳው ወጥቶ መሬት ውስጥ ከገባ ያ ችግኝ ከሚገባው በላይ ቆይቷል፣ ሲያነሱት ሥሩ ይበጠሳል። የተዳቀለ ነው ከተባላችሁ ጠባሳውን አሳዩኝ በሉ፤ ከአፈሩ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ግንዱ ላይ ይታያል። ከጠባሳው በታች የሚወጣ ቅጥያ ሁሉ የእናቱ ሳይሆን የእንጀራ እናቱ ነው፣ ባያችሁት ቁጥር በጣታችሁ ቀንጥሱት።

አተካከሉ

ጊዜው መሬቱ በደንብ ከራሰ በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ነው። ነሐሴን ካጋመሳችሁ በኋላ የምትተክሉት ሥሩን ሳያደላድል ዝናቡ ያልቅበታል። ጉድጓዱን ግን ግንቦት ላይ ቆፍሩ። ለፍሬ ዛፍ ስልሳ በስልሳ ሳንቲ ሜትር፤ የላዩን አፈር በአንድ በኩል፣ የሥሩን በሌላ በኩል ከምሩ። ስትሞሉ የላዩን አፈር ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅላችሁ መጀመሪያ አስገቡ። ያልበሰበሰ እበት ሥር ያቃጥላል፣ ምስጥም ይጠራል።

ፕላስቲኩን አውጡ! ይህን መጻፍ አልነበረብኝም፣ ግን ባለፈው ዓመት የደረቀ ሎሚ ልነቅል ዘመድ ቤት ሄጄ ጥቁሩ ፕላስቲክ ከነመልኩ ሥሩ ላይ ነበር፣ ሥሩም ውስጡ እንደ ጥቅል ክር ተጠምጥሞ። ሦስት ዓመት እዚያች ከረጢት ውስጥ ታስሮ ኖሮ ነው የሞተው። በምላጭ ጎኑን ሰንጥቁ፣ አፈሩን ሳትበትኑ አውጡ፣ የተጠማዘዘ ሥር ካለ ጫፉን ቁረጡት። ከዚያ ቀድሞ በነበረበት ልክ ትከሉት፣ አንገቱን አትቅበሩ።

ቀይ አፈር ላይ ዙሪያውን ውሃ የሚይዝ ገበታ ሥሩለት። ዋልካ ላይ ተቃራኒውን፣ ጉብታ አድርጋችሁ ውሃው ዞሮ እንዲሄድ።

መስከረም ሲያልቅ ገና መሬቱ እርጥብ ሳለ ጉዝጓዝ አልብሱ፤ ደረቅ ሳር፣ የበቆሎ አገዳ፣ የጠረጋችሁት ቅጠል። ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቁት፣ ካስጠጋችሁት ምስጥ ሽፋን አግኝቶ ልጣጩን ይበላል። ውሃ በየቀኑ በጣሳ አትርጩ። ያ የላዩን አፈር ብቻ ያረጥብና ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፣ ፀሐይዋ ደግሞ እዚያው ትጠብቀዋለች። በሳምንት አንዴ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀስ ብሎ እንዲሰርግ አድርጉ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ሁለት ጊዜ። ለቅመሙ ሲሶው ይበቃል። እኔ ጀሪካኑን ታቹን በሚስማር በስቼ ግንዱ አጠገብ አስቀምጬው ወደ ሥራ እሄዳለሁ፣ ማታ ስመለስ ባዶ ነው። ይህን ሁለት በጋ ካደረጋችሁ ከዚያ በኋላ አብዛኛው ራሱን ይችላል።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ያልተረፈ ካለ ተናዳችሁ አትወርውሩት፣ ንቀሉና ሥሩን እዩ። ጥቁርና የሚሸት ከሆነ ክረምት ላይ ሰምጦ ነው፣ እናንተ ዘግይታችሁ ነው ያያችሁት። ደርቆ ቀጥ ያለ ከሆነ ጥማት ነው። ልጣጩ ተግጦ አፈር የለበሰ ከሆነ ምስጥ። የሰመጠው ቦታ ላይ ካና አስገቡ፣ የጠማው ቦታ ላይ ቡገንቪሊያ ወይም እሬት። ምስጥ በበላው ጉድጓድ ደግሞ አፈሩን ገልብጣችሁ ሰኔ እስኪገባ ፀሐይ ይምታው።